ውኃው ከየት ገባ? በምናባዊ ክፍል የተመከረበት የአንድ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ይህ ጉዳይ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያለ ገዳም ጉዳይ ነው። የገዳሙን ስም አልጠራም፤ አባቶች እንዳይጠራ ጠይቀዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አብዛኞቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሐል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የቆመው መቅደስ። የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። ጣሪያው ድሮ የሣር ክዳን ነበር፤ ኋላ ቆርቆሮ ለበሰ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በምዕራቡ ገጽ ላይ ቡናማ የውኃ መስመር ታየ። ከላይ ጀምሮ ሥዕሉን አቋርጦ ወርዷል። ሥዕሉ የተሣለበት ጨርቅም በዚያው አካባቢ ከግድግዳው መላቀቅ ጀምሯል።

አባቶች ሁለት ነገር ፈለጉ። አንደኛ፣ ውኃው ከየት እንደሚገባ ማወቅ። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚያውቅ ሰው አይቶ እንዲመክራቸው። ለጣሪያው አንድ የዘጌ አናጺ አሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በአካባቢው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ስለ እንጨቱ አቅም የሚመክር መሐንዲስም አዲስ አበባ ተገኘ። የሥዕሉ ነገር ግን ከበደ። በጨርቅ ላይ ተሥሎ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል መጠገን የሚችል ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ለመርዳት ፈቃደኛ የሆነችው ባለሙያ ኢትዮጵያዊት ነች፤ የምትኖረው ግን አውሮፓ ነው። ብትመጣም ደሴቱን መርገጥ አትችልም። ገዳሙ ሴት የማይገባበት ነው።

እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው። ሥራዬ ባሕር ዳር ሆኜ የሕንፃዎችን ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል መሥራት ነው። ያደረግነውን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር ያለበት ቦታ ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። በጋራ ምናባዊ ክፍል መሥራት፣ ማለትም በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች የቪአር መነጽር አድርገው አንድ ቦታ እንደቆሙ ሆነው መሥራት፣ የሀብታም ድርጅቶች የስብሰባ ጌጥ ተደርጎ ይወራል። እኔ አልስማማም። መንገዱ ሩቅ፣ ባለሙያው ጥቂት፣ ኢንተርኔቱ ቀጭን የሆነበት ቦታ ይበልጥ ይፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

ስልኩ ለምን አልበቃም

መጀመሪያ የተሞከረው በስልክ ቪዲዮ ነበር። አንድ ዲያቆን ስልኩን ይዞ ግድግዳውን ያሳያል፤ ባለሙያዋ ከዚያ ማዶ ታያለች። አልሆነም። ኔትወርኩ መቆራረጡ አንድ ነገር ነው። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር።

ክብ ቤት ውስጥ በቃል ቦታ መጠቆም እጅግ ከባድ ነው። «ከበሩ በስተግራ» ትላለች። የቱ በር? በሩ ከአንድ በላይ ነው። ዲያቆኑ በቅድስቱ ሲዞር ቀኝና ግራው አብሮት ይዞራል። «ከፍ አድርገው፣ እሱ ጋ፣ አይ አለፍከው» እየተባለ ጊዜው ያልቃል። ደግሞ ሥዕሉ ረጅም ነው፤ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ለማየት ቦታ የለም። ጀርባህ ከቅድስቱ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የምታነሣው ሁሉ ቁራጭ ነው። የላይኛው ክፍል ደግሞ ከታች ሲታይ ተጣብቦ ይመጣል።

ሦስት ሙያ ያላቸው ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ቦታ ማውራት አለባቸው። አናጺው ስለ ጣሪያው ሲናገሩ መሐንዲሱ ሌላ እንጨት ያስባል። ባለሙያዋ ስለ ግድግዳው ስትናገር አናጺው ሌላ ገጽ ያስባሉ። የሚያስፈልጋቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያዩት ግድግዳና ጣት የሚቀስሩበት መንገድ ነበር።

በመስመሩ ላይ የሚሄደው ምንድን ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪዲዮ የሚያስቸግረው ኢንተርኔት ቪአርን እንዴት ይሸከማል ይላል። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው።

ሞዴሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ መነጽር ውስጥ ተጭኖ ይቀመጣል። በስብሰባው ሰዓት አይላክም። የሚላከው ሦስት ነገር ያለበት ቦታ ብቻ ነው፦ ጭንቅላት፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ። የእያንዳንዱን ቦታ ለመናገር 3 ቁጥር፣ ወዴት እንደዞረ ለመናገር 4 ቁጥር ይበቃል። አንዱ ቁጥር 4 ባይት ነው። ለአንዱ 28፣ ለሦስቱ 84 ባይት ማለት ነው። በሰከንድ 20 ጊዜ ብትልከው 1,680 ባይት ይሆናል። በኔትወርክ ቋንቋ 13 ኪሎ ቢት አካባቢ። በዚህ ላይ ድምፅ ጨምር፤ ኦፐስ በሚባለው የድምፅ ማመቂያ 24 ኪሎ ቢት ጥርት ያለ ንግግር ያስተላልፋል። ማሸጊያው ሁሉ ተጨምሮበት እንኳ አንድ የቪዲዮ ጥሪ ከሚፈልገው በጣም ያንሳል።

ሌላው ፍርሃት መዘግየት ነው። ራስህን ስታዞር ምስሉ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተከተለህ ያጥወለውልሃል። እሱ ግን እዚያው መነጽሩ ውስጥ የሚሰላ ነው፤ ከኢንተርኔቱ ጋር አይገናኝም። በመስመሩ ላይ የሚዘገየው የሌላው ሰው እጅና ድምፅ ነው። ለድምፅ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጥሩ የሚለው በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። ትንሽ ቢያልፍም ሰው ይታገሣል።

ስለዚህ ከባዱን ዕቃ አስቀድመህ በእጅ አድርሰው፤ በመስመሩ ላይ ቀላሉን ብቻ ላክ። የአዲስ አበባው ቅጂ በፍላሽ በሰው እጅ ሄደ። የአውሮፓው ተቆልፎ ሌሊት ሌሊት እየተቆራረጠ ተላከ። በስብሰባው ቀን መስመሩ ላይ የነበረው እጅና ድምፅ ብቻ ነው።

የት ይቀመጥ የሚለውም ብዙ አነጋገረን። ዝግጁ ሆነው የሚከራዩ ምናባዊ ክፍሎች አሉ። እኔ ተቃወምኩ። የማይክሮሶፍት የነበረው አልትስፔስ ቪአር መጋቢት 2023 ተዘጋ። ሞዚላ ሃብስ የሚባለውን አገልግሎት ግንቦት 2024 ዘጋ። ሆሎሌንስ 2 የሚባለው የማይክሮሶፍት መነጽርም በዚያው ዓመት መመረቱ ቆመ። ቀኖቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባለቤቱ ሲዘጋው የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የሃብስ ኮድ ግን ክፍት ስለነበር ሌሎች ሰዎች ይዘው ቀጠሉ። እኛም በድር ማሰሻ የሚሠራውን ዌብኤክስአር የሚባለውን ክፍት መንገድ መረጥን፤ ሰርቨሩን ባሕር ዳር በራሳችን ኮምፒውተር ላይ አቆምነው። የገዳም ሥዕል በማን እጅ እንዳለ የማይታወቅ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለበትም። ይህን ዛሬም አጥብቄ እናገራለሁ።

አባቶች የወሰኑት

ቴክኒኩን አስቀድሜ ጻፍኩት እንጂ በተግባር የቀደመው ፈቃድ ነው። ውይይቱ ረጅም ነበር፤ መርዘሙም ተገቢ ነበር።

የመቅደሱ ውስጥ ለውይይት እንኳ አልቀረበም። እዚያ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም፤ ካሜራም አይገባም። በሞዴሉ ውስጥ የመቅደሱ መሐል ባዶ ጨለማ ነው። ሆን ብለን እንደዚያው ተውነው። መግባት የሚሞክር ሰው መነጽሩ አያሳልፈውም።

የሴቷ ባለሙያ ነገር ተነሣ። ሞዴሉ ውስጥ መግባቷ ደሴቱን እንደመርገጥ ይቆጠራል? አንዱ አባት ሥዕሉን በመጽሐፍ ታትሞ ብታየው ማን ይከለክላታል ሲሉ ጠየቁ። ሌላው ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ ሰው አይመላለስም አሉ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ላይ በሚደረገው ምናባዊ ስብሰባ ሞዴሉን ታያለች፤ ከሁሉም ጋር ትነጋገራለች። ምስል ምስል ነው፤ ቤቱ አይደለም። ነገር ግን በእውነተኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በደሴቱ ላይ፣ አቫታሯ፣ ማለትም በምናባዊው ክፍል እሷን የሚወክለው ምስል፣ አይታይም፤ ድምፅዋም አይሰማም። ምክሯ በምልክት ብቻ ይገባል።

ይህን ስትሰማ ባለሙያዋ ቅር አላላትም። የገዳሙ ሥርዓት ስለሆነ እሷም የምትፈልገው እንደዚያ ነው አለች። ለእኔ ግን ገዳሙ ያወጣው ልዩነት ከብዙ የቴክኖሎጂ ጽሑፍ የጠለቀ ሆኖ ታየኝ። ሞዴሉ ውስጥ ያለ ሰው የት ነው ያለው የሚለውን ጥያቄ እነሱ በሥራ ላይ መለሱት።

ሌሎች ሁኔታዎችም ነበሩ። ዋናው ሃርድ ዲስክ በገዳሙ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሌሎቹ ቅጂዎች ሥራው ሲያልቅ ይጠፋሉ። ለሕዝብ የሚለቀቅ ነገር የለም። ከዚህ ሌላ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በምናባዊ ክፍል መመካከር ያንን አያስቀርም። በኋላ የቀረበው የፈቃድ ጥያቄ ላይ ግን ከሞዴሉ የወጡት ሥዕላዊ መግለጫዎች ብዙ ረድተዋል።

ፎቶው

ሞዴሉ የተሠራው ፎቶግራሜትሪ በሚባለው መንገድ ነው። ብዙ ፎቶ ታነሣለህ፤ እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት። ሶፍትዌሩ በተለያዩ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት ነጥቦችን ይፈልጋል። ከእነሱ ተነሥቶ ካሜራው የት ቆሞ እንደነበር፣ ነጥቡም በቦታው ላይ የት እንዳለ ያሰላል። ልኩ እንዲታወቅ ሜትር የተለጠፈበት እንጨት እናቆማለን፤ ግድግዳው ላይ ምንም አይለጠፍም።

የካሜራ ፍላሽ የተከለከለ ነበር። ለሥራውም ጥሩ ነው፤ ፍላሽ በየፎቶው ቦታውን የሚቀይር ብልጭታ ስለሚፈጥር ሶፍትዌሩን ያሳስተዋል። በሮቹ ተከፍተው ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሆኖ በዝግታ ተነሣ። በቅዳሴና በጸሎት ሰዓት አይሠራም። የጣሪያውን ውጭ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ካሜራ አስረን አነሣን። የጣሪያውን ውስጥ ያነሡት አናጺው ራሳቸው ናቸው። መብራትና ትንሽ ካሜራ ይዘው ከእንጨቱ መሐል ገቡ። ከእኛ ማናችንም ብንሆን የትኛው እንጨት ሰው እንደሚሸከም አናውቅም ነበር።

ሞዴሉ ባሕር ዳር ተሠራ። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ ስሌቱ በየደረጃው እንዲቀመጥ አደረግነው። መጀመሪያ የሚወጣው ሞዴል እጅግ ከባድ ነው። በራሱ የሚሠራ መነጽር፣ እንደ ኩዌስት ያለው፣ የሞዴሉ ገጽ ከሚሠራባቸው ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ በምቾት የሚያሳየው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ባለሙያዋ አንድ ነገር አስጠነቀቀች፦ የቀረውን ሁሉ ቀንሱ፣ የምዕራቡን ገጽ ግን አትንኩ። ምክንያቷ ኋላ ገባን።

ስብሰባው

ስብሰባው የተደረገው ባሕር ዳር ነው፤ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ክፍል ውስጥ። ደሴቱ ላይ ኔትወርኩ ስለማይበቃ አበ ምኔቱ፣ አንድ ሌላ አባትና አናጺው በጀልባ መጡ። መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ፣ ባለሙያዋ ከአውሮፓ ገቡ።

አበ ምኔቱ ቆባቸውን አያወልቁም። የመነጽሩ ማሰሪያ ደግሞ በጭንቅላት ላይ የሚጠብቅ ነው። ማሰሪያውን ፈታነው፤ መነጽሩን በእጃቸው ይዘው እያስጠጉ ያዩ ነበር። እንዲያውም ተመቸ። ማየት ሲፈልጉ ያስጠጉታል፤ መናገር ሲፈልጉ ዝቅ ያደርጉታል።

አናጺው ገና መነጽሩን እንዳደረጉ ስሕተት አገኙ። በጣሪያው ሥር በስተሰሜን ጨለማ የነበረበት ቦታ ላይ ሞዴሉ ቀዳዳ ነበረው። «እዚህ ወራጅ አለ» አሉ፤ ከጉልላቱ ቁልቁል ወርዶ ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት ማለታቸው ነው። በእጃቸው መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ በአየር ላይ ቀረ፤ ሌሎቹም ሁሉ አዩት። ሞዴሉ ካሜራው ያየውን ብቻ ነው የሚያውቀው። የጎደለውን እሳቸው ሞሉት።

የመሐንዲሱ ግምት ከውኃው መስመር በላይ ያለው ሚስማር ነው የሚል ነበር። የቆርቆሮ ሚስማር ላስቲኩ ሲያረጅ ውኃ ያስገባል። ብዙ ሰው የሚገምተውም ይህንኑ ነው። ሞዴሉ ላይ ግድግዳውንና ሌላውን ሁሉ ሰውረን የውኃውን መስመርና ቆርቆሮውን ብቻ አስቀረን። መሐንዲሱ ከመስመሩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ምናባዊ ገመድ ዘረጋ። ገመዱ የነካው የቆርቆሮውን መሐል ነው። ሚስማር የለም፤ መገጣጠሚያም የለም።

ያኔ አናጺው ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። ውኃ እንጨት ይከተላል አሉ። የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት አንድ አይደለም። ጣታቸውን ከጉልላቱ ሥር፣ ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት አስጀምረው፣ በአንዱ ወራጅ ላይ ቁልቁል ጎተቱት። ወራጁ መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ጎባጣው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ነጥብ ወደ ታች ገመድ ስንዘረጋ ከውኃው መስመር ጫፍ ጋር ገጠመ። መሐንዲሱ ወራጁ ዙሪያ ዞረ። ጎባጣው ከቀሩት ዝቅ ማለቱን በሞዴሉ ላይ ለካው። ልክ ነበር።

አበ ምኔቱ መነጽሩን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ጉልላቱ አንድ ጊዜ ለጥገና ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ሥሩን የሚሸፍነው ቆርቆሮ በአዲስ ተቀይሯል። ያን የሚያውቅ ሌላ ሰው እዚያ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሰምተነው ቢሆን ኖሮ ተራ ወሬ ሆኖ ያልፍ ነበር። ጣቱ ጉልላቱ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ነገሩ ተያያዘ።

ቀጥሎ ባለሙያዋ ቀለሙን አጥፉልኝ አለች። የምዕራቡ ገጽ ሥዕሉ ጠፍቶ ነጭ ቅርጽ ብቻ ሆነ። መብራቱን ከጎን አጋድማ አበራችው። ፎቶ ላይ ፈጽሞ የማይታዩ እብጠቶች ብቅ አሉ። ጨርቁ ከግድግዳው የተላቀቀበት ቦታ ሁሉ እንደ ጉብታ ይታያል። ገጹ እንዳይቀነስ የጠየቀችው ለዚህ ነው። የገረመን ደግሞ እብጠቱ ከውኃው መስመር ጋር አለመገጣጠሙ ነው። በከፊል አብሮት ይሄዳል፤ በስተግራ በኩል ግን ምንም የውኃ ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ ሰፊ እብጠት አለ። አንዱ አባት ያ ቦታ በሣር ክዳኑ ዘመን የሚያፈስ እንደነበር ያስታውሳሉ። ስለዚህ ሁለት ጉዳት ነው ያለው፤ አንድ የቆየ፣ አንድ አዲስ። ጣሪያው ሲደፈን የሚቆመው አዲሱ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ሌላም ነገር አነሣች። ቆርቆሮ እንደ ሣር አይደለም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከቤቱ ውስጥ የሚወጣው እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጉልላቱ ቢደፈንም ከላይ አየር የሚወጣበት መንገድ እንዳይዘጋ አደራ አለች። አናጺው ይህን ወዲያው ተቀበሉ። በእጃቸው የት የት እንደሚከፈት አመለከቱ።

የጎደለው

ፊት የለም። ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። እኛ ጋ አንድ አባት ዝም ሲሉ ዝምታቸው መልስ ነው። መስማማት ሊሆን ይችላል፤ አለመስማማትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ፊታቸው ላይ ነው። አቫታር ላይ ሁሉም ዝምታ አንድ ዓይነት ነው። አባቶች ዝም ሲሉ መሐንዲሱ የጨረሱ እየመሰለው ደጋግሞ ንግግራቸው መሐል ገባባቸው። ልጁ ጨዋ ነው፤ አላየም እንጂ። ከዚያ በኋላ አንድ ዲያቆን ከአባቶች አጠገብ መነጽር ሳያደርግ ተቀመጠ። አባ ገና እያሰቡ ነው፣ ወይም ጨርሰዋል እያለ ይናገራል። ሥራው ሁሉ መስመር ያዘ። እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ሰው ታላላቅ ሰዎች ካሉበት ይህን ሰው ከመነጽሩ አስቀድሞ ይፈልግ እላለሁ።

ማጥወልወሉም አለ። በሞዴሉ ውስጥ ማንም እንዳይንሸራተት ከለከልን። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ዘለህ ትቆማለህ፤ ከዚያ በእግርህ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለህ። ስብሰባው አጫጭር ሆኖ በመሐል ቡና ነበረው።

ወደ ደሴቱ

ሁለተኛው ደረጃ ኤአር የሚባለው ነው። መነጽሩ እውነተኛውን ቦታ ያሳይሃል፤ በላዩ ላይ ምልክት ይጨምርበታል። ሐሳቡ ከመጀመሪያው ለሠራተኛ እጅ የታሰበ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የቦይንግ ተመራማሪው ቶም ኮዴል ነው። ሠራተኞች የአውሮፕላን ሽቦ ሲዘረጉ መሄጃውን በዓይናቸው ፊት ለማሳየት ነበር የፈለገው።

ደሴቱ ላይ ኢንተርኔት አላስፈለገንም። ስብሰባው ላይ የተሰመረው ሁሉ ተቀድቶ መነጽሩ ውስጥ ገብቷል። የባለሙያዋን ማብራሪያ አናጺው ባሕር ዳር ሳሉ ደጋግመው ሰምተውታል። ወደ ደሴቱ የተወሰደው ቅጂ ላይ እጇም ድምፅዋም ወጥቷል፤ የቀረው መስመርና ቀለም ነው። ቀዩ አትንኩ፣ ቢጫው መሰላል አታስደግፉ፣ አረንጓዴው ወራጁና ጉልላቱ።

ሞዴሉን ከእውነተኛው ቤት ጋር ለማግጠም ሦስት የታወቁ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። የበር መቃኖችን ተጠቀምን። ጨለማው ግን አስቸገረ። መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በካሜራዎቹ ነው፤ ቅድስቱ ውስጥ ካሜራው አይታየውም። ምልክቶቹ ተንሳፈፉ። ቀዝቃዛ የኤልኢዲ መብራቶች ከሥዕሉ አርቀን ስናቆም ተረጋጉ። አገጣጠሙ ለጣሪያ እንጨት ይበቃል፤ ለሥዕል ጥገና ግን አይበቃም። ስለዚህ ቀዩን ክልል ከሚያስፈልገው ሰፋ አድርገን ነበር ያሰመርነው።

መነጽር አድርጎ ጣሪያ ላይ መውጣት አይቻልም። ይህን አልተደራደርንበትም። መነጽሩ የጎን እይታን ያጠባል፤ እግርህን አታይም። አናጺው ከታች ሆነው በመነጽሩ ቀና ብለው ወራጁን ለዩ፤ አወለቁት፤ ለረዳታቸው አሳዩት። ረዳቱ ወጥቶ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመጋዝና የመዶሻ ሥራ ነው። የጉልላቱ ሥር ተከፈተ፤ አዲሱ ሽፋን አጥሮ ክፍተት እንደተወ ታየ። በጋው ሳያልፍ ተደፈነ። ጎባጣው ወራጅ አልተቀየረም። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም፤ ጤነኛ አሮጌ እንጨትንም አናጺው አይቀይሩም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የምዕራቡ ገጽ እንደገና ፎቶ ተነሣ። ሁለቱ ሞዴሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደረቡ። አዲስ የውኃ መስመር የለም። ከቀኝ ያለው እብጠት እንደነበረ ነው። በስተግራ ያለው የቆየው እብጠት ግን ጠርዙ ላይ ትንሽ ከፍ ብሏል። በዓይን አይታይም፤ የሞዴሎቹ ልዩነት ላይ ነው የታየው። ባለሙያዋ ይህ መቆየት የለበትም አለች።

ስለዚህ አሁን የተያዘው ሥራ ጨርቁን መልሶ ማጣበቅ ነው። ፈቃዱ እየተጠየቀ ነው። የሚሠሩት ከገዳሙ የተመረጡ ሁለት ዲያቆናት ናቸው፤ የምታስተምራቸው እሷ ነች። ለዚህ ምናባዊ ክፍል ብቻ አይበቃም። የማጣበቂያው ውፍረት፣ የጣት ግፊት፣ ጨርቁ ሲረጥብ የሚሰጠው ስሜት በመነጽር አይተላለፍም። ባሕር ዳር ላይ ጭቃና ጭድ ተመርጎ፣ ጥጥ ጨርቅ ተለጥፎበት የመለማመጃ ግድግዳ ተሠርቷል። ባለሙያዋ ራሷ መጥታ ከእነሱ ጋር እጇን ጭቃ ውስጥ ታስገባለች። እሷ ከተመለሰች በኋላ ልምምዱ በምናባዊው ክፍል ይቀጥላል፤ እነሱ የሠሩትን ፎቶ እያነሡ ይልካሉ፣ እሷ ቅርጹን አይታ ታርማለች። ትምህርቱ ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል።